ከየኔታ እጅ ወደ ደቀ መዝሙር እጅ፦ የብራናና የቁም ጽሕፈት ሙያ ቅብብሎሽ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት ከሚጠበቁት ንዋያተ ቅድሳት መካከል የብራና መጻሕፍት ልዩ ስፍራ አላቸው። ወንጌሉ በቅዳሴ ጊዜ ሲነበብ ምእመናን ቆመው ይሰሙታል፤ መጽሐፉንም በአክብሮት ይሳለሙታል። ይሁን እንጂ የምንሳለመው መጽሐፍ ቆዳው እንዴት እንደተፋቀ፣ ቀለሙ ከምን እንደተሠራ፣ የጻፈውም ሰው ሙያውን ከማን እንደተማረ የምናውቅ ጥቂቶች ነን። በዚህ ጽሑፍ ብራና የማዘጋጀትና መጽሐፍ በእጅ የመጻፍ ሙያ ምን እንደሆነ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እንዴት ሲተላለፍ እንደኖረ፣ ዛሬ ምን እንደገጠመውና ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ እንመለከታለን። አስቀድመን ግን አንድ ነገር ልናስታውስ እንወዳለን፤ የብራና መጽሐፍን መጠበቅና የብራና መጽሐፍ የሚሠራውን እጅ መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። አንዱ በሌላው አይተካም።

መጽሐፍ ቅዱሳዊ መሠረቱ

እግዚአብሔር ለሊቀ ነቢያት ሙሴ ደብተራ ኦሪትን እንዲሠራ ባዘዘው ጊዜ ከይሁዳ ነገድ ባስልኤልን፣ ከዳን ነገድም ኤልያብን በስማቸው ጠርቶ መርጧል። ለእነዚህ ሰዎች የተሰጠው ጥበብ በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በዕንጨትና በልብስ የመሥራት ጥበብ ብቻ አልነበረም። መጽሐፍ እንደሚነግረን እግዚአብሔር ሌሎችን ማስተማርንም በልባቸው አኑሯል (ዘፀ. 35፥30-35)። ሠርቶ ማሳየትና ማስተማር በአንድ ስጦታ ተጠቃለው መሰጠታቸውን ልብ ይሏል። ባለሙያው የተቀበለውን ጸጋ ለራሱ ይዞት ቢቀር የስጦታውን አንድ ወገን አጉድሏል ማለት ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም ልጁን ጢሞቴዎስን ከእርሱ የሰማውን ሌሎችን ሊያስተምሩ ለሚችሉ ለታመኑ ሰዎች እንዲያስተላልፍ አዝዞታል (2ኛ ጢሞ. 2፥2)። በዚያ አጭር ትእዛዝ ውስጥ አራት ትውልድ ይገኛል፤ ጳውሎስ፣ ጢሞቴዎስ፣ የታመኑት ሰዎችና ከእነርሱ የሚማሩት ሌሎች። ይኸው ሐዋርያ በመልእክቱ ፍጻሜ ጢሞቴዎስን ሲጠራው በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ፣ መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም የብራናዎቹን እንዲያመጣለት ጠይቆታል (2ኛ ጢሞ. 4፥13)። በእስር ሆኖ ሞቱን የሚጠባበቅ አባት ብራናውን አልረሳም።

ለርእሳችን ከሁሉ የሚቀርበው ግን የነቢዩ ኤርምያስና የጸሐፊው የባሮክ ታሪክ ነው። ባሮክ ከነቢዩ አፍ እየሰማ በክርታስ ላይ በቀለም የጻፈውን ቃል ንጉሡ ኢዮአቄም በጸሐፊ ካራ እየቀደደ በእሳት አቃጠለው። እግዚአብሔርም ኤርምያስን ሌላ ክርታስ እንዲወስድ አዘዘው፤ ባሮክም የተቃጠለውን ሁሉ እንደገና ጻፈ፤ የሚመስል ብዙ ቃልም ተጨመረበት (ኤር. 36)። ንጉሡ መጽሐፉን ማጥፋት ችሏል፤ ጸሐፊው በሕይወት ስለነበረ ግን ቃሉ ሊጠፋ አልቻለም። የቤተ ክርስቲያናችንም የመጻሕፍት ታሪክ ከዚህ ጋር እጅግ ይመሳሰላል።

በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ

በአድዋ አቅራቢያ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት አራቱ ወንጌላት በዓለም ላይ ካሉት ሥዕል ያለባቸው ጥንታውያን የወንጌል መጻሕፍት መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። በብራናው ላይ የተደረገው ሳይንሳዊ የዘመን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸውን አመልክቷል። ይህም ብራና የማዘጋጀት፣ የመጻፍና ሥዕል የመሣል ጥበብ በአክሱም ዘመን በአገራችን ለነበረው ስፍራ ምስክር ነው።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ከተማሩ በኋላ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጥተው ገዳሙን የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል አደረጉት። ለገዳሙ ያበረከቱት የወንጌል መጽሐፍም እስከ ዛሬ ይገኛል። ከእርሳቸው ዘንድ ተምረው ከወጡት መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንዱ ናቸው። ከአባ ዮሐኒ ወደ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ፣ ከእርሳቸውም ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተዘረጋው ይህ ሰንሰለት የትምህርታችንን ሥርዓት በግልጥ ያሳያል፤ ዕውቀት የሚሄደው ሰው ከሰው ጋር አብሮ በመኖር ነው።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት በእሳት ሲጠፉ የባሮክ ታሪክ በአገራችን ተደገመ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ከጥፋት በተረፉት ቅጂዎችና ሊቃውንቱ በቃላቸው በያዙት ትምህርት መጻሕፍት እንደገና ተጻፉ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም የድጓውን የዜማ ምልክት እንዳደራጁ በትውፊት ይነገራል። የተቃጠለውን የሚተካ ብራና ፋቂ፣ ቀለም በጥባጭና ቁም ጸሐፊ ባይኖር ኖሮ የሊቃውንቱ ቃል በአንድ ትውልድ ታጥሮ በቀረ ነበር።

በመቅደላ በ1860 ዓ.ም. የሆነውም የሚዘነጋ አይደለም። የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት ዘርፎ ከወሰደ በኋላ 350 ያህሉ ወደ እንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ገብተዋል። ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። መጻሕፍቱ ሲወሰዱ ሙያው ግን በአገር ቤት ቀርቶ ስለነበር አድባራቱ እንደገና አስጻፉ።

የማተሚያ መሣሪያ ሲመጣም ሙያው ወዲያው አልቆመም። በግእዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ታትሟል። ከዚያ በኋላ ግን ከ400 ዓመታት ለሚበልጥ ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት በአብዛኛው በእጅ መጻፋቸውን ቀጥለዋል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የታተሙ መጻሕፍት እየበዙ ሲሄዱ የቁም ጸሐፊው ገበያ እየጠበበ መጣ።

የሥራው ሂደት

የሙያውን ክብደት ለመረዳት ሂደቱን በቅደም ተከተል ማወቅ ይጠቅማል። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታና ከመምህር መምህር ይለያያል፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው።

*ብራና።* ለብራና በአብዛኛው የሚመረጠው የፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው ለቀናት በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም ዙሪያውን ተበስቶ በዕንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ይወጠራል። በሌሎች አገሮች ጠጉሩ እንዲለቅ ኖራ ይጠቀማሉ፤ በእኛ አገር ትውፊት ግን ሥራው በውኃ፣ በስለትና በክንድ ኃይል የሚከናወን ነው። በመጀመሪያ የሥጋው ወገን ስቡና ሥጋው እስኪለቅ ይፋቃል፤ በሸካራ ድንጋይም ይታሻል። ቀጥሎ የጠጉሩ ወገን ይላጫል። ቆዳው እየደረቀ ሲሄድ ጠፍሩ እየተጠበቀ ይሄዳል። በፍቀት ጊዜ ቆዳው ቢበሳ ሳይደርቅ ይሰፋል፤ በጥንታውያን መጻሕፍት ገጾች ላይ የምናያቸው የስፌት ጠባሳዎች የዚህ ምልክቶች ናቸው። ከአንድ ቆዳ የሚወጣው ጥቂት ቅጠል ስለሆነ አንድ ትልቅ መጽሐፍ የመንጋ ቆዳ ይፈልጋል።

*ቀለም።* ጥቁሩ ቀለም ዋና መሠረቱ ጥላሸት ነው። ከእርሱ ጋር እስኪከስል የተቆላ እህል፣ ቅጠላ ቅጠልና የዛፍ ሙጫ እንደ መምህሩ ልማድ ተደባልቆ ይፈጫል፤ በውኃም ተበጥብጦ ለብዙ ጊዜ እየታሸ እንዲብላላ ይደረጋል። በሚገባ የበሰለ ቀለም ለብዙ መቶ ዓመታት አይደበዝዝም። ቀዩ ቀለም ከዕፀዋትና ከማዕድን፣ በኋላም ከውጭ ከሚመጣ ዱቄት ይዘጋጃል። በቀይ የሚጻፉት የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስሞች እንዲሁም የምዕራፍና የጸሎት መጀመሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ቀዩ ቀለም ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም፤ አንባቢው ሊያከብረው የሚገባውን ስም በዓይኑ እንዲለይ የተደረገ የትምህርት ምልክት ነው።

*ብርዕ።* ብርዑ ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ተቆርጦ ጫፉ ይቀረጻል፤ መካከሉም ይሰነጠቃል። ጸሐፊው ለጥቁሩና ለቀዩ የተለያየ ብርዕ ይይዛል። የብርዑ ጫፍ ስፋት የፊደሉን ውፍረት ስለሚወስን ብርዕ መቅረጽ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

*መስመር።* ጸሐፊው በቅጠሉ ዳርና ዳር በወስፌ ነጥቦችን ይበሳል። ከነጥብ ወደ ነጥብም ያለ ቀለም፣ በደነዘ ጫፍ፣ ብራናውን በመጫን ብቻ ያሰምራል። ትልልቅ መጻሕፍት በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ይጻፋሉ። መዝሙረ ዳዊት ግን በልማድ በአንድ ዓምድ፣ እያንዳንዱ ሐረግ በየራሱ መስመር ስለሚጻፍ ጸሐፊው ቃላቱ በመስመሩ ውስጥ እንዲያልቁለት አስቀድሞ በዓይኑ መመተር ይኖርበታል። መስመሩ ካልበቃው የተረፈውን ከላይ ወይም ከታች አስጠግቶ በምልክት ይለየዋል።

*ጽሕፈት።* ቁም ጽሕፈት እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት አጻጻፍ ነው። ጸሐፊው በአንድ ወገን ምንጩን ቅጂ፣ በሌላ ወገን ብራናውን አድርጎ ይጽፋል። ድጓ የሚጽፍ ከሆነ ከፊደሉ በላይ የዜማውን ምልክቶች በደቂቅ ፊደል ማስቀመጥ ስላለበት ዜማውን ያልተማረ ጸሐፊ ሥራውን በትክክል ሊሠራው አይችልም። ሲያልቅ ከምንጩ ጋር እየተናበበ ይታረማል፤ ስሕተቱም በስለት ተፍቆ ይስተካከላል።

*ድጉሰት።* ቅጠሎቹ እየታጠፉ በጥራዝ ይደራጃሉ፤ አንድ ጥራዝ ብዙ ጊዜ 8 ቅጠሎች አሉት። የጠጉሩ ወገን ከጠጉሩ ወገን፣ የሥጋው ወገን ከሥጋው ወገን ጋር እንዲገናኝ ይደረጋል፤ መጽሐፉ ሲገለጥ ሁለቱ ገጾች አንድ መልክ የሚኖራቸው ለዚህ ነው። ጥራዞቹ በሰንሰለት ስፌት ተያይዘው እንደ ዋንዛ ካለ ዕንጨት በተሠራ ገበታ ይታሰራሉ። ገበታው ቆዳ ይለብሳል፤ ቆዳውም በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ይታተምበታል። በመጨረሻም መጽሐፉ ማንገቻ ባለው የቆዳ ማኅደር ውስጥ ይገባል።

ደቀ መዝሙሩ እንዴት ይማራል?

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ አቋቋም ቤትና መጻሕፍት ቤት እየተባሉ በየስማቸው ይታወቃሉ። ቁም ጽሕፈት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ትምህርቶች ጎን ለጎን የሚቀሰም ሙያ ነው። ንባብን ያላጠናቀቀ፣ ግእዙን የማይለይ ልጅ ብርዕ አይጨብጥም፤ የማያውቀውን ቃል የሚቀዳ ሰው ስሕተትን ያራባልና።

ሙያውን ፈልጎ የሚመጣ ተማሪ እንደ ማንኛውም የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ምእመናን ከሚሰጡት ቁራሽ እየተመገበ ይማራል። የሚማርበት ደመወዝም ሆነ የሚከፍለው ክፍያ የለም፤ የኔታን ያገለግላል፤ ውኃ ይቀዳል፤ ዕንጨት ይለቅማል። የመጀመሪያው ትምህርቱ ከቆዳው ይጀምራል። ቆዳ ይዘፈዝፋል፤ ውጠራ ያግዛል፤ ድንጋይ ያሻል። ብራናውን በእጁ ሳያውቅ ብራናው ላይ መጻፍ አይችልም። ቀጥሎ ቀለም ይፈጫል፤ ብርዕ ይቀርጻል፤ መስመር ያሰምራል። ከዚያ በኋላ ከብራና ዳር ተቆርጠው በተጣሉ ቁራጮች ላይ ፊደል መጣል ይለማመዳል። የኔታ አንድ መስመር ይጽፉለታል፤ እርሱ ከሥሩ ደጋግሞ ይጽፋል። እጁ ሲበረታ አነስተኛ የጸሎት መጻሕፍትን ይቀዳል፤ ቆይቶም መዝሙረ ዳዊትን፣ ከዚያም ወንጌሉን፣ ስንክሳሩንና ድጓውን። በድጓ ቤት የራሱን ድጓ እየቀዳ የሚማር ተማሪም በዚያው ጸሐፊ ሆኖ ይወጣል።

ይህ ሁሉ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ቢሰጥ ተማሪው ከመምህሩ ዘንድ ዓመታት መቀመጥ ለምን ያስፈልገዋል? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ በሙያው ጠባይ ውስጥ አለ። የተወጠረ ቆዳ መድረስ አለመድረሱ በጣት ሲመታ በሚሰጠው ድምፅ ይታወቃል። ቀለም መብላላቱ በሽታውና ከብርዑ ጫፍ በሚወርድበት ሁኔታ ይለያል። መፋቂያው ምን ያህል መጋደም እንዳለበት የሚያውቀው አንጓ ነው። እነዚህን በወረቀት ላይ ማስፈር ይቻል ይሆናል፤ አንባቢው ግን ስሙን እንጂ ነገሩን አያገኘውም። የኔታ የተማሪውን እጅ ይዘው ሲያስተካክሉ የሚያልፈው ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ እንጂ በሌላ መንገድ አይሄድም።

ሁለተኛው ምክንያት መንፈሳዊ ነው። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ የሚወርሰው ጥበበ እድ ብቻ አይደለም። ሥራውን በጸሎት መጀመርን፣ ቅዱስ ስም ሲደርስ እጅን ማረጋጋትን፣ የደከመ ዓይን ስሕተት እንዳይጨምር ማረፍን፣ የሌላውን ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማድረስን ይወርሳል። በብዙ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ጸሐፊው ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ለሚያነበው፣ ለሚተረጕመውና ቃሉን ለሚሰማው በአንድነት ምሕረትን ሲለምን እናገኛለን። ጸሐፊው ራሱን በሥራው ባለቤትነት ሳይሆን ከአንባቢውና ከሰሚው ጋር በአንድ ተርታ በሚለምን ኃጥእ ስፍራ ያስቀምጣል። ይህ ትሕትና ከሙያው ተለይቶ የሚሰጥ አልነበረም።

ሙያው ዛሬ የገጠመው ፈተና

ዛሬም በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ፣ በትግራይና በሸዋ ብራና የሚፍቁና በቁም የሚጽፉ አባቶችና ወንድሞች አሉ። ሆኖም ፈተናቸው ብዙ ነው።

የመጀመሪያው የገበያ መድረቅ ነው። አድባራት የታተመውን መጽሐፍ በቀላሉ ስለሚያገኙ በብራና የሚያስጽፉት ጥቂቶች ናቸው። ወራት ለሚፈጅ ሥራ የሚከፈለው ዋጋ ቤተሰብ የማያስተዳድር ሲሆን ሙያውን የሚያውቀው ሌላ ሥራ ይይዛል፤ ያላወቀውም ለመማር አይመጣም።

ሁለተኛው የተሳሳተ ገበያ ነው። ከመጽሐፍ እየተገነጠሉ ለጎብኚ የሚሸጡ የብራና ቅጠሎች፣ በጢስና በቅባት አርጅተው እንደ ጥንታዊ የሚቀርቡ አዳዲስ ጽሑፎች ሙያውን ያዋርዱታል። እውነተኛውን ቅርስ ከቤተ ክርስቲያን የሚያስወጣው፣ ባለሙያውንም ወደ ማታለል የሚስበው ይኸው ገበያ ነው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን እንደሚከለክል ምእመናን ሊያውቁ ይገባል።

ሦስተኛው የንቀት ጠባሳ ነው። በኅብረተሰባችን ቆዳ ፋቂውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን በሙያው የመስደብ ክፉ ልማድ ለዘመናት ኖሯል፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። የሚጽፈውን ሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ከማትፈቅደው የጥንቆላ ክታብ ጋር አያይዞ በጥርጣሬ የሚያይ አለ። አንዳንዶች በብርዓቸው ያጠፉት ጥፋት እውነት ቢሆንም ወንጌልን የሚጽፈውን እጅ ከእነርሱ ጋር መደመር ፍርደ ገምድልነት ነው። ጌታችን የአናጢው ልጅ ተብሎ ተጠርቷል (ማቴ. 13፥55)፤ ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላ ጋር ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሠርቶ ኖሯል (ሐዋ. 18፥3)። በእጁ የሚሠራውን የሚንቅ ክርስቲያን ማንን እንደሚንቅ ያስብ።

አራተኛው ፎቶ ግራፍ ተነሥቷልና ተጠብቋል የሚለው መዘናጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ8,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙ ዓመታት ደክመው ዝርዝራቸውን አዘጋጅተዋል። ይህ ሥራ ታላቅ ባለውለታችን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጠፉ መጻሕፍት ቃላቸው በምስል ሊገኝ ይችላልና። ነገር ግን ምስሉ ቃሉን ያቆያል እንጂ ቃሉን በብራና የሚጽፈውን ሰው አያፈራም። የዓለም አቀፉ የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ያጸደቀው ስምምነትም ባህላዊ የእጅ ጥበብን ከማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል የቆጠረው ቅርሱ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱ ጭምር መሆኑን በመረዳት ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ማስጻፍ። አባቶቻችን ነገሥታቱ፣ መኳንንቱና ምእመናኑ መጽሐፍ አስጽፈው ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጡ ስማቸው በጸሎት እንዲታሰብ በመጽሐፉ ላይ ይጻፍላቸው ነበር። ዛሬም አንድ ደብር፣ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም አንድ የጽዋ ማኅበር ተባብሮ ለአጥቢያው አንድ ወንጌል ወይም አንድ ተአምረ ማርያም በብራና ቢያስጽፍ ለጸሐፊው የወራት ኑሮ፣ ለደቀ መዝሙሩም የመማሪያ ጊዜ ሰጠ ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች ያሉ አጥቢያዎቻችንም ለአዳዲስ አብያተ ክርስቲያናቸው መጽሐፍ ሲያዘጋጁ ይህን ቢያስቡበት ርቀቱ አያግዳቸውም። በሚያስጽፉበት ጊዜ ግን መጽሐፉ አዲስ መሆኑ፣ የጸሐፊውና የአስጻፊው ስም፣ ዘመኑም በመጨረሻው ገጽ በግልጥ እንዲሰፍር ያድርጉ፤ ይህ ትውፊታዊ ሥርዓት ነው፤ ከማታለልም ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ ከመምህሩ ጋር ተማሪውን መደገፍ። ለአብነት ትምህርት ቤት ርዳታ ስናደርግ ቁም ጽሕፈት የሚያስተምሩ መምህራን እንዳሉ እንጠይቅ። ለአንድ መምህር ሁለት ወይም ሦስት ደቀ መዛሙርት ተመድበው ቀለባቸው ቢሸፈን ሰንሰለቱ ለአንድ ትውልድ ይቀጥላል። መምህሩን ብቻ መርዳት ግን ሙያውን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ብቻ ማቆየት ነው።

ሦስተኛ፣ የተገነጠለ ብራና አለመግዛት። ገዢ ከሌለ ገንጣይ አይኖርም። ከቤተ ክርስቲያን የወጣ መጽሐፍ ቢያጋጥመን ለአጥቢያው አስተዳደር ወይም ለሀገረ ስብከቱ እናሳውቅ።

አራተኛ፣ የወጣቱን ዓይን መክፈት። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ብራና ሲፋቅ፣ ቀለም ሲፈጭ፣ መቃ ሲቀረጽ በዓይናቸው ቢያዩ፣ በእጃቸውም አንድ ፊደል ቢጥሉ ብዙ ገጽ ከማንበብ የበለጠ ይገባቸዋል። ከእነርሱ መካከል የሙያው ጥሪ ያለው አንድ ልጅ ቢገኝ ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

አምስተኛ፣ ሙያውን ማክበር። ቁም ጸሐፊውን በጉባኤያችን እንደ አስተማሪ እንጥራው፤ በታተመውም ሆነ በእጅ በተጻፈው መጽሐፍ የምናነበው ቃል በእርሱና በመምህራኑ እጅ አልፎ ወደ እኛ መድረሱን እንመስክርለት።

የብራና መጽሐፍ በጥንቃቄ ከተያዘ ብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል። ሙያው ግን እንደ መጽሐፍ በማኅደር አይቀመጥም፤ አንድ መምህር ሳያስተምር ባረፈ ቁጥር የአንድ እጅ ዕውቀት አብሮት ይቀበራል። ባስልኤልን በጥበብ የሞላ፣ ማስተማርንም በልቡ ያኖረ አምላክ ለመምህራኑ ዕድሜን፣ ለደቀ መዛሙርቱ ትጋትን፣ ለእኛም የተቀበልነውን ሳናጎድል የማስተላለፍ ማስተዋልን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።